ለፍሪሲዮን ጥገና ተገቢውን ግሪስ መምረጥ

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው አውራ ጎዳና በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል የዓባይን ሸለቆ ሲያቋርጥ፣ ወደ 2,500 ሜትር ከሚጠጋው ደጋ ተነሥቶ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደሚገኘው ድልድይ ይወርድና፣ በጠቅላላው 40 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ ጠመዝማዛ መንገድ ተመልሶ ወደ ደጋ ይወጣል። የምሥራቅ ጎጃምን ጤፍ የጫነ አይሱዙም ሆነ ሰው የሞላ ሚኒባስ ይህን ዳገት የሚወጣው ማርሽ ደጋግሞ በመቀየር ስለሆነ፣ በጉዞው ክፉኛ ከሚፈተኑት ክፍሎች አንዱ ፍሪሲዮኑ ነው። ለዚህም ነው በጥገና ጊዜ እንደ ጥቃቅን ነገር የሚታየው የግሪስ ምርጫ የባለንብረቱንም የመካኒኩንም ጥንቃቄ የሚሻው።

ፍሪሲዮን የሞተርን ኃይል ወደ ካምቢዮ የሚያስተላልፍ፣ ማርሽ በሚቀየርበት ጊዜ ደግሞ ሁለቱን ለጊዜው የሚለያይ መሣሪያ ነው። ሸራ የለበሰው ዲስክ ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ከባድ ብረት፣ ማለትም በቮላኖው፣ እና በስፕሪንግ ኃይል በሚጫነው ሳህን መካከል ተጣብቆ ይዞራል። ኃይሉ የሚተላለፈው በሰበቃ፣ ማለትም ሁለት ገጾች ተጫጭነው እርስ በርስ ሲያያዙ በሚፈጠረው ተቃውሞ ነው፤ የግሪስ ተግባር ግን ይህንኑ ሰበቃ መቀነስ ነው። እንግዲህ በአንድ ጠባብ ቤት ውስጥ ሰበቃ የግድ የሚያስፈልገው ሸራና ሰበቃ የሚጎዳቸው ተንሸራታች ክፍሎች ጎን ለጎን ስለሚገኙ፣ ምርጫው የሚወሰነው በግሪሱ ውድነት ሳይሆን በሚቀባበት ቦታ ነው።

ግሪስ በመሠረቱ ዘይት፣ ዘይቱን አምቆ የሚይዝ ማወፈሪያና ልዩ ልዩ ተጨማሪ ንጥረ ነገሮች የተዋሐዱበት ቅባት ነው። የውፍረቱ መጠን እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካ የተቋቋመው የግሪስ ተቋም (ኤን ኤል ጂ አይ) ባወጣው ከ000 እስከ 6 በሚደርስ መለኪያ የሚገለጽ ሲሆን፣ ለመኪና በብዛት የሚውለው ቁጥር 2 ነው። ከውፍረቱ ይልቅ ለፍሪሲዮን ወሳኝ የሚሆነው ግሪሱ ሲሞቅ ላልቶ የመጀመሪያዋን ጠብታ የሚጥልበት የሙቀት መጠን ነው። ተራው የካልሲየም ግሪስ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈታል፤ የሊቲየም ግሪስ የሚፈታው 180 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሲደርስ ነው፤ ሊቲየም ኮምፕሌክስ የሚባለው ደግሞ ከ250 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ከበድ ያለ ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ደጋግሞ የሚነሣ መኪና የፍሪሲዮን ሸራ ገጽ ከ200 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ሙቀት የማይችል ግሪስ ቀልጦ በዲስኩ ሽክርክሪት ኃይል ወደ ሸራው ይረጫል።

ግሪስ የሚሻው የመጀመሪያው ቦታ ዲስኩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተትበት ባለ ጥርስ የካምቢዮ ዘንግ ነው። ይህ ቦታ ከደረቀና ከዛገ ዲስኩ ስለሚነክስ፣ ፔዳሉ ተረግጦም ማርሽ በቀላሉ አይገባም። ሙቀት የሚችል፣ ከብረቱ የማይለቅ ግሪስ በጥርሶቹ ላይ በስሱ ይቀባል፤ ከዚያም ዲስኩ ዘንጉ ላይ ጥቂት ጊዜ ተመላልሶ የተረፈው ሁሉ በጨርቅ ይጠረጋል። አንዳንድ አምራቾች ለዚህ ቦታ ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ የተባለውን ጥቁር ዱቄት የያዘ ግሪስ ሲያዝዙ፣ ሌሎች ጠጣር ዱቄት ያለበትን ግሪስ ይከለክላሉ፤ በፋብሪካ በኒኬል የተለበጠ ዲስክ ደግሞ ጭራሽ እንዳይቀባ የሚያዝዙ አሉ። ስለዚህ የመጨረሻው ዳኛ የአምራቹ መመሪያ ነው።

ሁለተኛው ቦታ ፔዳሉ ሲረገጥ ሳህኑን የሚያላቅቀውን ኩሽኔታ የሚገፋው ሹካ መሰል ማንሻና የሚያርፍበት ጉልላት ነው። በዚህ ቦታ እንቅስቃሴው ጥቂት፣ ጫናው ግን ብርቱ በመሆኑ የሞሊብዲነም ግሪስ በሚገባ ያገለግላል፤ ዘይቱ እንኳ ቢጨመቅ በብረቱ መካከል የሚቀሩት የዱቄቱ ስስ ንብርብሮች አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉና። ኩሽኔታው ራሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ግሪሱ በውስጡ ታሽጎ የሚመጣ ስለሆነ በነዳጅ መታጠብ የለበትም፤ ከታጠበ ውስጡ ደርቆ ብዙም ሳይቆይ ይጮኻል።

ሦስተኛው ቦታ የፍሪሲዮን ዘይት የሚገፋበት ሲሊንደር ሲሆን፣ ለሁሉም ቦታ አንድ ግሪስ የመጠቀም ስሕተት የሚያስከትለው ጉዳት በግልጽ የሚታየው እዚህ ነው። በፍሬን ዘይት የሚሠራ ሲሊንደር የጎማ ክፍሎች ከማዕድን ዘይት የተሠራ ግሪስ ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ይለሰልሳሉ፣ በመጨረሻም ዘይት ያሳልፋሉ፤ ውጤቱም ፔዳሉ ወለል ድረስ ወርዶ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ለእነዚህ ክፍሎች የሚውለው ለፍሬን ጎማ ተብሎ የተዘጋጀ ግሪስ ወይም ንጹሕ የፍሬን ዘይት ብቻ ነው።

ተገቢው ግሪስ ቢመረጥም እንኳ መብዛቱ ጥፋት ነው። ቅባት የመጠጠ ሸራ በዳገት ይንሸራተታል፣ መኪናው ሲነሣ ያንቀጠቅጣል፤ በቁልቁለትም ሞተሩ መኪናውን የመያዝ ኃይሉ ስለሚቀንስ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ሸራው ቅባቱን ወደ ውስጥ ስለሚስብ ማጠብ አስተማማኝ መፍትሔ አይሆንም፣ መለወጥ አለበት። አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊይዝ ስለሚችልም አቧራውን በአየር ግፊት ማራገፍ ለሳንባ አደገኛ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይገባል። በከተሞች የሚርመሰመሱት ባጃጆች ፍሪሲዮን ግን በዘይት ውስጥ ተነክሮ የሚሠራ በመሆኑ ይህ የግሪስ አቀባብ ሥርዓት አይመለከተውም፤ እዚያ ወሳኙ ትክክለኛው የሞተር ዘይት ነው።

ካምቢዮ አውርዶ ፍሪሲዮን መለወጥ ብዙ ድካምና ወጪ የሚጠይቅ ሥራ ሲሆን፣ ሦስቱን ቦታዎች ለመቀባት የሚበቃው ግሪስ ግን ከጥቂት ማንኪያ አይበልጥም። ባለንብረቱ ካምቢዮው ከመገጠሙ በፊት በየትኛው ቦታ ምን ዓይነት ግሪስ እንደተቀባ ቢጠይቅ፣ መካኒኩም ለሁሉም ቦታ አንድ ጣሳ መጠቀሙን ትቶ የአምራቹን መመሪያ ቢከተል፣ ዳገቱን የሚወጣው ጭነትም ሆነ ተሳፋሪ ከዚህ ትንሽ ጥንቃቄ በእጅጉ ይጠቀማል።