ኦዲተሩ ከመምጣቱ በፊት የሚደርስ ደብዳቤ

ጅቡቲ ዶራሌ ላይ የተራገፈ የኢትዮጵያዊ አስመጪ ኮንቴይነር ወደ መሀል አገር ሲገባ ወረቀቱ ሁሉ አብሮት አይገባም። በመልቲሞዳል የመጣ ጭነት በአንድ የማጓጓዣ ሰነድ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይዘልቃል። በዩኒሞዳል ከሆነ ግን የወደቡ ክፍያ፣ የመጋዘኑ ኪራይ፣ የመርከብ ወኪሉ ሒሳብ እዚያው ጅቡቲ ከተማ ይከፈላል፤ በፈረንሳይኛ የተጻፈው ደረሰኝም ትራንዚተሩ ዘንድ ሊቀር ይችላል። ከዓመታት በኋላ ኦዲተር መጥቶ «ይህ ወጪ በምን ይረጋገጣል?» ሲል ማስረጃው ያለው ከድንበር ማዶ ነው።

ኦዲት ቀድሞ ይነገር ወይስ አይነገር የሚለው የቆየ ጥያቄ ለእንዲህ ያለው ነጋዴ የህልውና ጉዳይ ነው። ግብሩን አስልቶ የሚያሳውቀው እሱ ራሱ ነው፤ መንግሥት የሚመረምረው ከዚያ በኋላ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 የተከፈለውን ግብር እንደገና ለማስላት በመደበኛው 5 ዓመት ሰጥቷል፤ ማጭበርበር ወይም ከባድ ቸልተኝነት ካለ ገደቡ ይነሳል። ያለ ማስታወቂያ ንግድ ቤት ገብቶ ሰነድ የማየት ሥልጣንም ለግብር ሰብሳቢው ሰጥቷል። ውሳኔው የደረሰው ግብር ከፋይ ቅሬታ እንዲያቀርብ የተቀመጠለት ጊዜ ግን 21 ቀን ነው። አምስት ዓመትና 21 ቀን! ሚዛኑን ሊያስተካክል የሚችለው ቀድሞ የሚደርስ ደብዳቤ ነው።

ድንገተኛ ፍተሻ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። የተደበቀ ዕቃ ወይም ያለ ደረሰኝ ሽያጭ በደብዳቤ ተጠርቶ አይገኝም። የሒሳብ መዝገብ ምርመራ ግን ሌላ ነው። እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ጅቡቲን ትገዛ የነበረችው ፈረንሳይ ሁለቱን በሕግ ለይታለች፦ ዕቃና ገንዘብ ለመቁጠር ድንገት መግባት ይፈቀዳል፤ መዝገቡ የሚመረመረው ግን ግብር ከፋዩ አማካሪ የሚይዝበት በቂ ጊዜ ካገኘ በኋላ ነው። ማሳወቂያው የሚመረመሩትን ዓመታትና አማካሪ የመያዝ መብቱን ካልጠቀሰ ምርመራው ይፈርሳል።

ለእኛ አስመጪ የሚጻፈው ደብዳቤም የትኞቹ ዓመታት፣ የትኛው ግብር፣ የትኞቹ ሰነዶች እንደሚፈለጉ ይንገረው፤ ጅቡቲ ደርሶ የሚመለስበትን ቀንም ይስጠው። ትራንዚተሩ ቢሮውን ዘግቶ ከሆነ የመርከብ ወኪሉን ደጅ ጠንቶ ቅጂ ማስወጣት አለበት፤ ይህ ደግሞ በሦስት ቀን አያልቅም።