ገዳና ዙፋን፦ በስምጥ ሸለቆ የተገናኙ ሁለት ሥርዓተ መንግሥታት፣ ተረትና እውነታ

የጥንት ሥርዓተ መንግሥታትን ማነጻጸር ሲነሳ የሮምና የቻይና ስም ይቀድማል፤ ይሁን እንጂ ከዱከም በሞጆና በአዳማ አድርጎ እስከ መተሐራ በሚወርደው ምድር ላይም በአሠራራቸው እጅግ የተራራቁ ሁለት ሥርዓቶች፣ የኦሮሞ ገዳና የሰሎሞናዊው ዙፋን፣ ተገናኝተዋል። የክርስቲያኑ መንግሥት ፈጠጋር ይለው የነበረው ግዛት በዚህ አካባቢ የነበረ ሲሆን፣ የቱለማ ኦሮሞ የገዳ ማዕከል የሆነው ኦዳ ነቤም የሚገኘው ከዱከም አጠገብ ነው።

ተረት፦ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፋው የኦሮሞ ሕዝብ መንግሥት አልነበረውም።

እውነታ፦ ይህን አባባል ቀድመው ያፈረሱት የኦሮሞ ወዳጅ ያልነበሩት መነኩሴ አባ ባሕርይ ናቸው። በጋሞ ይኖሩ የነበሩት እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1593 በጻፉት ድርሳን፣ በየስምንት ዓመቱ እየተፈራረቁ ሥልጣን የያዙትን ሉባዎች፣ ማለትም የገዳ ትውልድ ምድቦችን፣ ከመልባ ጀምረው በየስማቸው ዘርዝረዋል። ከሁሉ የሚደንቀው ግን ሁለቱን ሥርዓቶች ማነጻጸራቸው ነው፤ ክርስቲያኖቹ በቁጥርም በመሣሪያም ሳያንሱ የሚሸነፉት ለምን እንደሆነ ጠይቀው፣ የራሳቸው ወገን ከመነኩሴና ከደብተራ እስከ ነጋዴና እጀ ጥበብ በአሥር ክፍል የተከፈለና ዘጠኙ የማይዋጋ ሲሆን፣ በኦሮሞ ዘንድ ግን ትንሽ ትልቅ ሳይባል ወንድ ሁሉ ለጦርነት የሚሰለጥን መሆኑን መልስ አድርገው ሰጥተዋል። መነኩሴው ለሽንፈቱ ምክንያት የፈለጉት በኃጢአትና በቁጣ ብቻ ሳይሆን በማኅበረሰብ አደረጃጀት ውስጥ በመሆኑ፣ ድርሳኑ ከዘመኑ የቀደመ ትንታኔ ሊባል ይገባዋል።

ተረት፦ ገዳ እኩዮች አብረው የሚያድጉበትና ሲጎለምሱ የሚሾሙበት የዕድሜ እርከን ነው።

እውነታ፦ ገዳ በዋነኛነት የሚቆጥረው ዕድሜን ሳይሆን ትውልድን ነው። አምስት ምድቦች ስምንት ስምንት ዓመት እየተረካከቡ በ40 ዓመት አንድ ዙር ስለሚሞሉ፣ አባት ልጁን በማንኛውም ዕድሜ ቢወልደው፣ ልጁ ከአባቱ 40 ዓመት ዘግይቶ ነው ሥልጣን የሚደርሰው። ለምሳሌ አባት በ45 ዓመቱ ሥልጣን ቢይዝ፣ በ40 ዓመቱ የወለደው ልጅ ተራው ሲደርስ 45፣ በ60 ዓመቱ የወለደው ግን 25 ዓመት ይሆነዋል፤ ሁለቱ ወንድማማቾች የ20 ዓመት ልዩነት እያላቸው በአንድ ምድብ ይቆጠራሉ ማለት ነው። ሥልጣን የያዘው ምድብ መሪ የሆነው አባ ገዳም የስምንት ዓመት ንጉሥ አልነበረም፤ ሕግ የሚወጣው ጨፌ በሚባለው ጉባኤ ሲሆን፣ ያጠፋ መሪ ዘመኑ ሳያልቅ ሊነቀል ይችል ነበር። የሮም ሪፐብሊክ ሥልጣንን ለሁለት ቆንስሎች በአንድ ዓመት ገደብ በመስጠት የፈታውን፣ ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ የመቆየት ችግር፣ ገዳ የፈታው በየስምንት ዓመቱ ርክክብ ነው።

ተረት፦ የሰሎሞናዊው ዙፋን ከአባት ወደ በኩር ልጅ በሥርዓት ይተላለፍ ነበር።

እውነታ፦ እ.ኤ.አ. ከ1270 ጀምሮ የነገሡት የይኩኖ አምላክ ዘሮች የዘር ሐረግ እንጂ የማያከራክር የውርስ ሕግ አልነበራቸውም፤ በዚህ ረገድ የሮም ቄሳሮችን ይመስላሉ። ተቀናቃኝ መሳፍንትን በአምባ ግሸን ማሰርን የመሰለ መፍትሔም የመጣው ከዚሁ ነው። አገር የሚተዳደረው በጉልት ነበር፤ ጉልት የመሬቱ ባለቤትነት ሳይሆን ከገበሬው ግብር የመሰብሰብ መብት ሲሆን፣ ንጉሡ ለአገልግሎት ይሰጠዋል፣ ሲከፋውም ይነጥቀዋል። ቻይና ከ221 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ጀምሮ ወደ አውራጃ የምትልከው ሹም ግን ደመወዝ ተቆርጦለት የሚሠራ ነበር።

ተረት፦ ገዳ ሁሉን እኩል ያደረገ ዲሞክራሲ ነው።

እውነታ፦ ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት መመዝገቡ የሚገባው ክብር ቢሆንም፣ የገዳ ሹመት ለሴቶች ክፍት አልነበረም። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ሴቶች መብታቸውን የሚያስከብሩት ሲጋቡ በሚቀበሉት በትር በሲንቄ ነው፤ ሲንቄ የያዙ ሴቶች ሲወጡ የሚጣላ ወንድ እጁን ይሰበስባል። ይህ ትልቅ ኃይል ነው፤ ሆኖም ከሥልጣን ውጭ ሆኖ ሥልጣንን መግራት እንጂ መያዝ አይደለም።

ሁለቱ ሥርዓቶች በግንብ ተለያይተው ኖረዋል የሚለውም አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ1607 ዙፋኑን የያዙት አፄ ሱስንዮስ በልጅነታቸው ተማርከው በኦሮሞ መካከል የኖሩ፣ ኋላም በኦሮሞ ሠራዊት የተደገፉ ነበሩ።

ከራዩ ኦሮሞ በፈንታሌ ወረዳ፣ ከአዳማ በስተምሥራቅ፣ ዛሬም ሥልጣን የሚረካከቡት በየስምንት ዓመቱ ነው።