ነጭ ሽንኩርትን ለልብ ጤንነት እንዴት እንጠቀምበት?

መግቢያ

ነጭ ሽንኩርት በደጋና በወይና ደጋ አካባቢዎቻችን የሚመረት፣ ከወጥ ማጣፈጫነቱም ሌላ በመድኃኒትነቱ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ተክል ነው። የደም ግፊትን ይቀንሳል፣ ልብንም ከጉዳት ይጠብቃል ሲባል ብዙዎቻችን እንሰማለን። በዚህ ጽሑፍ አባባሉ ምን ያህል እውነት እንደሆነና አዘገጃጀቱ እንዴት መሆን እንዳለበት እናስረዳለን።

ልብ የሚጎዳው እንዴት ነው?

ልብ ደምን ወደ መላ ሰውነት የሚገፋ ጡንቻ ነው። የደም ግፊት ከልክ ሲያልፍ ልብ በየዕለቱ ከአቅሙ በላይ ስለሚሠራ ጡንቻው ይወፍራል፤ ውሎ አድሮም ይደክማል። የደም ሥሮች የውስጥ ግድግዳም ይጎዳል፤ በተጎዳው ቦታ ስብ እየተጠራቀመ መተላለፊያውን ያጠብበዋል። ልብን የሚመግበው የደም ሥር በረጋ ደም ከተዘጋ፣ ደም ያልደረሰው የጡንቻ ክፍል ይሞታል።

በነጭ ሽንኩርት ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ያልተላጠ ነጭ ሽንኩርት እምብዛም አይሸትም። ምክንያቱም አሊን የሚባለው ንጥረ ነገርና እሱን የሚለውጠው ኢንዛይም በፍልቃቂው ውስጥ ተለያይተው ስለሚገኙ ነው። ፍልቃቂው ሲደቆስ ሁለቱ ይገናኙና አሊሲን ይፈጠራል። ይህንንም ካቫሊቶና ቤይሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1944 ለይተው አሳወቁ። አሊሲን ብዙ ሳይቆይ ድኝ ወዳለባቸው ሌሎች ውሁዶች ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ምርምር እንዳመለከተው፣ ቀይ የደም ሕዋሳት ከእነዚህ ውሁዶች የደም ሥርን የሚያላላ ጋዝ ያወጣሉ።

የበርካታ ጥናቶች ውጤት ተጠቃሎ ሲታይ፣ የደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ከነጭ ሽንኩርት የተዘጋጀ እንክብል ሲወስዱ የላይኛው የግፊት ቁጥር በአማካይ 8 ያህል ቀንሷል። ጥቅሙ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ግፊቱ 180 የደረሰ ሰው ወደ 172 ቢወርድለት ከአደጋ አልወጣም።

አዘገጃጀት

1. ደረቅ፣ ጠንካራና ሻጋታ የሌለው ራስ ይመረጥ። ሲነቀል በመቆፈሪያ የቆሰለው ቶሎ ስለሚበሰብስ ተለይቶ አስቀድሞ ይበላ።

2. ፍልቃቂው ተልጦ በሙቀጫ በደንብ ይደቆስ።

3. ከተደቆሰ በኋላ እሳት ሳይነካው 10 ደቂቃ ያህል ይቆይ። ኢንዛይሙ በሙቀት ስለሚጠፋ፣ ሳይደቁሱ ሙሉውን መቀቀል ጥቅሙን በእጅጉ ይቀንሳል።

4. ከቁሌቱ ጋር ብዙ ከሚበስል ይልቅ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር፤ ወይም ጨው ባልበዛበት ዳጣ ጥሬው ይበላ።

5. የዓለም የጤና ድርጅት ያወጣው መጠን በቀን ከ2 እስከ 5 ግራም ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ነው። ይህም አንድ መካከለኛ ፍልቃቂ ያህል ነው። አብዝቶ መብላት ጨጓራን ያቃጥላል እንጂ ጥቅሙን አያበዛም።

ጥንቃቄ

ነጭ ሽንኩርት የታዘዘን የግፊት መድኃኒት አይተካም። የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ሕመም ሳይሰማ ልብን ስለሚጎዳ፣ «ተሽሎኛል» ብሎ መድኃኒት ማቋረጥ ለሕይወት ያሰጋል። ግፊቱ መቀነሱ የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው። ነጭ ሽንኩርት የደምን መርጋት ስለሚቀንስ፣ ዋርፋሪን ወይም አስፕሪን የሚወስድና ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ሰው አዘውትሮ መብላቱን ለሐኪሙ ይንገር።

ደረትን ጨምድዶ የሚይዝ፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚዘልቅ ሕመም ከላብ ጋር ከመጣ፣ የቤት ውስጥ መድኃኒት ሲፈለግ ጊዜ ሊባክን አይገባም። በሽተኛው ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ጣቢያ ይወሰድ።

ስለዚህ ነጭ ሽንኩርትን በጓሮአችን እናልማ፤ ደቁሰንና አቆይተን እንመገበው። የቀን ጨዋችንን ከ5 ግራም በታች እናድርግ፤ ግፊታችንንም በየጊዜው እንለካ።