«እባካችሁ ንኩ»፦ የሕፃናት ሙዚየም አሠራርና ለአጥቢያ አጸደ ሕፃናት የሚሰጠው ትምህርት

በቋንቋችን ጨዋታና ቁም ነገር እንደ ተቃራኒ ይቆጠራሉ። ልጅ ፊደል ሲቆጥር ቁም ነገር ያዘ ይባላል፤ ጭቃ ሲያቦካና ጠጠር ሲደረድር ግን ጊዜውን በከንቱ አሳለፈ ተብሎ ይገሠጻል። ይሁን እንጂ በኑሯችን ውስጥ ሁለቱ ፈጽሞ ተለያይተው አያውቁም። ገበጣ የሚጫወት ልጅ መደመርና መቀነስን፣ የባላጋራውንም እርምጃ አስቀድሞ ማሰብን ይለማመዳል። እንቆቅልሽ የሚጠያየቁ ልጆች አንዱን ነገር በሌላው መስሎ ማየትን ይማራሉ። በመሬት ላይ ተሥሎ በአንድ እግር የሚዘለለው ሰኞ ማክሰኞ የሰውነትን ሚዛንና ተራ መጠበቅን ያስተምራል። ዕቃ ዕቃ የሚጫወቱ ሕፃናትም የእናትን፣ የአባትንና የጎረቤትን ድርሻ በትንሹ ይኖሩታል።

ልጅ በጨዋታ ይማራል የሚለው ይህ ሐሳብ በሌላው ዓለም ራሱን የቻለ ተቋም እስከ መሆን ደርሷል፤ ተቋሙም የሕፃናት ሙዚየም ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ተቋም ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ በተለይም በሩን ለሁሉም ከፍቶ ለረጅም ዘመን የሚዘልቅበትን መንገድ ማስረዳት ነው። አጸደ ሕፃናት ለከፈቱና ለመክፈት ለሚያስቡ ሰበካ ጉባኤያት ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ለሕፃናት በሚመደበው ጥቂት ገንዘብ ምን ይዘጋጅ? ማን ይጠቀምበት? ሲሰበርስ ማን ይጠግነው? የሚሉት ጥያቄዎች በታላቁ ሙዚየምም በትንሿ አጥቢያም አንድ ናቸውና።

ከመስታወት ሣጥን ወደ ልጅ እጅ

ሙዚየም ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ቅርስ በመስታወት ውስጥ ተቀምጦ «መንካት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ የሚነበብበትን ቤት ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ ጥንታዊ ብራና እጅ በበዛበት ቁጥር ይጎዳልና። የሕፃናት ሙዚየም ግን የተቋቋመው ለሌላ ዓላማ ነው። በዓለም የመጀመሪያ የሆነው የሕፃናት ሙዚየም በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሩክሊን በተባለው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1899 መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1892 ዓ.ም. ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1902 ወደዚያ የገቡት አና ቢሊንግስ ጋለፕ የተባሉ ሴት ለብዙ ዓመታት ሲመሩት ጸንተው ያስተማሩት ነገር ቢኖር ልጁ ቤቱ በሙሉ ለእርሱ የተሠራ መሆኑ ሊሰማው ይገባል የሚለውን ነው። በቦስተን ከተማም የሳይንስ መምህራን ተባብረው እ.ኤ.አ. በ1913 ተመሳሳይ ተቋም መሠረቱ።

ታላቁ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1962 ማይክል ስፖክ የቦስተኑን ሙዚየም መምራት በጀመሩ ጊዜ ነው። እኚህ ሰው በልጅነታቸው ማንበብ እጅግ ይቸግራቸው ስለ ነበር በመጽሐፍ ብቻ መማር የማይሆንላቸው ልጆች እንዳሉ ከራሳቸው ሕይወት ያውቁ ነበር። ስለዚህ በመስታወት የተዘጋውን ዕቃ አንሥተው ልጆች የሚነኩትን፣ የሚፈቱትንና የሚገጥሙትን ነገር በቦታው ተኩ። ከቀደሙት ትርዒቶቻቸው አንዱ በየዕለቱ የምናያቸውን ነገሮች ውስጣቸውን ከፍቶ የሚያሳይ ነበር። ከዚያ ወዲህ «እባካችሁ ንኩ» የሚለው አሠራር በልዩ ልዩ አገሮች ላሉ የሕፃናት ሙዚየሞች መለያ ሆነ።

ጨዋታ የሚያስተምረው እንዴት ነው?

በቦስተኑ ሙዚየም ኳሶች በተዳፋት ሐዲድ ላይ እየተንከባለሉ የሚወርዱበት ክፍል አለ። ልጁ ሐዲዱን ከፍ ሲያደርገው ኳሱ ይፈጥናል፤ ዝቅ ሲያደርገው ይዘገያል፤ አቅጣጫውን አለአግባብ ሲያጠፈው ከመንገዱ ይወጣል። ማንም «ተሳስተሃል» አይለውም፤ ኳሱ ራሱ መልሱን ይሰጠዋል። ልጁም ይገምታል፣ ይሞክራል፣ ያያል፣ ያስተካክላል። ይህ ቅደም ተከተል የሳይንስ ምርምር ሁሉ መሠረት ሲሆን የአራት ዓመት ልጅ ስሙን ሳያውቅ በእጁ ይሠራበታል።

ለትምህርት የሚሆን መጫወቻ ሦስት ጠባያት አሉት። አንደኛ፣ ውጤቱን ራሱ ያሳያል፤ ሚዛን ያጋድላል፣ ውኃ ይፈስሳል፣ የተካበ እንጨት ይፈርሳል። ሁለተኛ፣ መጨረሻው አንድ ብቻ አይደለም፤ በዚያው እንጨት አንዱ ልጅ ቤት፣ ሌላው ድልድይ ይሠራል። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮቤል እ.ኤ.አ. በ1837 አጸደ ሕፃናትን ሲጀምር ኳስና የእንጨት ቁርጥራጭ የመረጠው በዚህ ምክንያት ነበር። ሦስተኛ፣ የአዋቂን ቦታ አያጠፋም። መምህርቷ መልሱን ፈጥና ከነገረች ጨዋታው ያበቃል፤ «ምን የሚሆን ይመስልሃል?» ብላ ከጠየቀች ግን ልጁ ያሰበውን በቃል ለመግለጥ ይገደዳል፤ ቋንቋውም በዚያው ያድጋል።

ይህ ማለት ፊደል መቁጠር ይቅር ማለት አይደለም። ጭቃ ያቦካች፣ ዶቃ የሰካች፣ ገመድ የቋጠረች ጣት እርሳስ ለመያዝ ትበረታለች። ጨዋታው ለፊደሉ መንገድ ይጠርጋል እንጂ ቦታውን አይወስድም።

በሩ ለማን ክፍት ነው?

የሕፃናት ሙዚየሞች በዘመናት ውስጥ የተረዱት አንድ እውነት አለ፤ በር መከፈቱ ብቻ ሁሉም መግባት ችሏል ማለት አይደለም። በበሩ ላይ ሦስት እንቅፋቶች ይቆማሉ።

የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 በተጀመረ አንድ መርሐ ግብር የምግብ ድጋፍ ካርድ ያለው ቤተሰብ በነጻ ወይም ለአንድ ሰው ቢበዛ በ3 ዶላር እንዲገባ ተደርጓል። ካርዱን በማሳየት ስለሚገባ ድህነቱን በሰው ፊት ለመተረክ አይገደድም።

ሁለተኛው የሕንፃው አሠራር ነው። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ልጅ ሦስት ደረጃ እንደ ግንብ ነው። የታወቀው መለኪያ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ያለው ተዳፋት መወጣጫ እንዲኖር ያዛል፤ ስለዚህ በረንዳው ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ መወጣጫው 6 ሜትር ያህል ይሆናል ማለት ነው። የበሩ ክፍተት ቢያንስ 81 ሳንቲ ሜትር፣ ከጠረጴዛው ሥር ያለው ባዶ ቦታ ደግሞ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ሊኖረው ይገባል። ሕንፃ ሲታነጽ ይህን ማሰብ የሚጨምረው ወጪ ጥቂት ነው፤ ከተሠራ በኋላ አፍርሶ ማስተካከል ግን እጥፍ ያስወጣል።

ሦስተኛው ለዓይን የማይታይ ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ጩኸትና ግፊያ በበዛበት ቦታ ሊጨነቅ ይችላል። ስለዚህ ብዙ የሕፃናት ሙዚየሞች የጎብኚውን ቁጥር የሚቀንሱበት፣ ድምፅና ብርሃን ዝቅ የሚያደርጉበት የተለየ ሰዓት ይመድባሉ። ማየት ለተሳናቸው የሚዳሰስ፣ መስማት ለተሳናቸው የሚታይ ነገር ያዘጋጃሉ።

ይህ የቸርነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 የልጅን የመጫወት መብት አውቋል። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 30 አካል ጉዳተኛ ልጆች ከሌሎች ልጆች ጋር እኩል የመጫወት ዕድል እንዲያገኙ ይደነግጋል፤ ኢትዮጵያም ይህን ሁለተኛውን ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች።

በዚህ ረገድ አጥቢያዎች ማንም ሙዚየም የሌለው ሀብት አላቸው። በየትኛው ቤት ወደ ደጅ የማይወጣ ልጅ እንዳለ ከንስሐ አባት ይልቅ የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ወደየቤቱ ጓዳ ይገባልና። ወላጅ በኀፍረት ወይም በፍርሃት የሸሸገውን ልጅ አጸደ ሕፃናቱ በምዝገባ ማስታወቂያ አያገኘውም። በካህኑ ምክርና በወላጁ ፈቃድ ግን ሊያገኘው ይችላል።

የሚዘልቀው በምንድን ነው?

ዘላቂነት በእነዚህ ተቋማት ዘንድ ሁለት ገጽታ አለው። አንዱ ተፈጥሮን መጠበቅ ነው። የብሩክሊኑ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2008 ሕንፃውን ሲያስፋፋ ጉድጓድ አስቆፍሮ የከርሰ ምድሩን የተረጋጋ ሙቀት ለማሞቂያና ለማቀዝቀዣ አዋለ። የቦስተኑ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 የገባው በወደብ አጠገብ ወደ ነበረ አሮጌ የሱፍ መጋዘን ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ታድሶ ሲከፈት ከጣሪያው የሚወርደውን ዝናብ አጠራቅሞ ለመጸዳጃ ቤትና ለአትክልት ማጠጫ የሚጠቀም ሆነ። ይኸው ሙዚየም ከፋብሪካዎች የሚተርፈውን ቁርጥራጭ ሰብስቦ ለመምህራንና ለቤተሰቦች የእጅ ሥራ መሥሪያ አድርጎ ያቀርብም ነበር።

ሁለተኛው ገጽታ ጥገና ነው። ልጅ የሚነካው ነገር ሁሉ ያረጃል፣ ይሰበራል፣ ይጠፋል። የሕፃናት ሙዚየም ይህን እንደ ጥፋት አይቆጥረውም፤ አስቀድሞ በዕቅዱ ያሰፍረዋል። ባለሙያ ይመድባል፣ መለዋወጫ ያዘጋጃል፣ በየጊዜው ይፈትሻል። በብዙ ቦታ የሚታየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በእርዳታ የመጣው መጫወቻ «እንዳይሰበር» ተብሎ በቁም ሣጥን ይቆለፍበታል። ዓመቱ ሲያልቅ በንብረት መዝገብ ላይ ሙሉ ሆኖ ይገኛል፤ ልጆቹ ግን ሳይነኩት ወደ አንደኛ ክፍል ያልፋሉ።

ሌላው የሚጠቀስ ልማድ የተውሶ ሣጥን ነው። የቦስተኑም የብሩክሊኑም ሙዚየም ዕቃና መመሪያ የያዙ ሣጥኖች እያዘጋጁ ለትምህርት ቤቶች ያውሱ ነበር። በዚህም ወደ ሙዚየሙ መምጣት ያልቻለ ልጅ ሙዚየሙ ወደ እርሱ ይመጣለታል።

በአጥቢያ ሊሠራ የሚችለው

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ታላቅ ሕንፃ የማይጠይቀው ብዙ ነው። ለመጀመር ያህል የሚከተሉትን ማሰብ ይቻላል።

1. ከግዢ በፊት ልጆቹን መቁጠር። በአጥቢያው ዕድሜያቸው ከአራት እስከ ስድስት ዓመት የሆኑ ስንት ልጆች አሉ? ከመካከላቸው አካል ጉዳት ያለባቸው ስንት ናቸው? የማይመጡትስ በገንዘብ፣ በደረጃ ወይስ በፍርሃት ምክንያት?

2. በአካባቢው ያለውን መጠቀም። አናጢ የጣለው የጣውላ ቁራጭ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ ጥሩ መካቢያ ይሆናል። ልብስ ሰፊ ያተረፈው ጨርቅ፣ ቅልና ሰፌድ፣ አሸዋና ሸክላ አፈር፣ ከእንጨት የተጠረበ ገበጣ እያንዳንዱ የራሱ ትምህርት አለው።

3. ጥንቃቄን አለመዘንጋት። ባቄላና ጠጠር ወደ አፋቸው ለሚከቱ ሕፃናት አይሰጥም። ያረጀ ቀለም የሚላላጥበት ዕቃ፣ ስለት ያለው ቆርቆሮ፣ ባትሪ ከአጠገባቸው ይራቅ። ለጨዋታ የተቀዳ ውኃ ጨዋታው እንዳበቃ ይደፋ፤ ሕፃን በጥቂት ውኃም ሊሰጥም ይችላልና።

4. ሣጥን ማዟዟር። ሦስት ወይም አራት ጎረቤት አጥቢያዎች እያንዳንዳቸው አንድ ሣጥን አዘጋጅተው በየወሩ ቢለዋወጡ በአንዱ ወጪ የሦስት ወይም የአራት ሣጥን ጥቅም ያገኛሉ። የዕቃው ዝርዝር በክዳኑ ውስጥ ቢለጠፍ ርክክቡ ቀላል ይሆናል።

5. ጠጋኙን በስም መሰየም። ከምእመናኑ መካከል ሙያውን በበረከት የሚሰጥ አናጢ ወይም ብረት ሠሪ አይጠፋም። ከእርሱም ጋር ለጥገና የሚሆን አነስተኛ ገንዘብ በዓመታዊ በጀት ቢያዝ መምህራን ዕቃውን ለልጆች ለመስጠት አይፈሩም።

6. የንብረት ቆጠራውን መንገድ መለወጥ። ተጫውተውበት ያለቀ ዕቃ በመዝገብ ላይ «በአገልግሎት ያለቀ» ተብሎ ቢሰፍር መምህርቷ አትጠየቅም። ሊጠየቅበት የሚገባው ሣጥኑ ሳይከፈት የከረመበት ምክንያት ነው።

እነዚህ ስድስት ነጥቦች በአንድ የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ሊታዩ ይችላሉ። ጊዜው የሚያጥር ከሆነ ግን ሁለቱ ይቅደሙ፤ የማይመጡትን ልጆች ዝርዝር ከካህናት ጋር ማዘጋጀትና የተቆለፈውን ቁም ሣጥን ከመምህራን ጋር መክፈት። ለሁለቱም በጀት አያስፈልግም።