በዝዋይ ባሕር ውስጥ ስላሉት ደሴቶችና ስለ ዛይ ሕዝብ

ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚወርደውን መንገድ ይዞ ቆቃንና መቂን ላለፈ መንገደኛ፥ የዝዋይ ባሕር በስተግራው ይታየዋል። ስፋቱ 440 ካሬ ኪሎሜትር ያህል ነው። የመቂና የቀታር ወንዞች ይገቡበታል፤ ትርፉም በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብጃታ ይወርዳል።

በውስጡ ያሉት አምስቱ ደሴቶች ቱሉ ጉዶ፥ ጠደቻ፥ ፉንዱሮ፥ ገሊላና ደብረ ሲና ይባላሉ። ታላቁ ቱሉ ጉዶ ሲሆን ካህናት ደብረ ጽዮን ይሉታል። በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮንን ከአክሱም ያሸሹ አባቶች በዚህ አስቀመጡት ተብሎ ይተረካል። ጥንታውያን የብራና መጻሕፍትም በዚያው ተጠብቀው ኖረዋል።

የደሴቶቹ ሰዎች ዛይ ይባላሉ። ቋንቋቸው ከሴም ወገን ሆኖ ለስልጤና ለሐረሪ ይቀርባል። መሬታቸው ጠባብና ተዳፋት ስለ ሆነ በድንጋይ እርከን እየደገፉ ያርሱታል፤ ዓሣም ያጠምዳሉ፤ ከደንገል በታሰረ ታንኳም ሲሻገሩ ኖረዋል።

ነገር ግን ደሴቱ ስለ ጠበባቸው ብዙዎቹ ወደ ዳር ወጥተው ከኦሮሞና ከአማራ ጎረቤቶቻቸው ጋራ ይኖራሉ። በጎረቤት ቋንቋ መነጋገር እጅግ መልካም ነው። ሆኖም በገበያና በትምህርት ቤት በሌላ ቋንቋ ሲናገር የዋለውን ልጅ፥ ማታ እናቱ በዛይኛ ካላነጋገረችው ከማን ይሰማዋል? ብራናውን ካህን ይጠብቀዋል፤ ቋንቋውን ግን የሚጠብቀው የቤት ምድጃ ነው።

ስለዚህ ወላጆች ለልጆቻቸው እንዲያወርሱት፥ ሹማምንትና ሊቃውንትም ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ቃላቸውን በጽሕፈት እንዲያስቀሩ በትሕትና እናሳስባለን።