ሙሉ ሰው ሆኖ መቆም፦ የራፐር ሌክሬ የሃያ ዓመት ጉዞ

ኦገስት 9 ቀን 2014 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ፈርጉሰን በምትባል ከተማ፣ ማይክል ብራውን የተባለ የ18 ዓመት ጥቁር ወጣት መሣሪያ ሳይዝ በፖሊስ ጥይት ተገደለ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በወሩ፣ ሴፕቴምበር 9፣ የራፐር ሌክሬ ሙር «አኖማሊ» የተሰኘ አልበም ለገበያ ቀረበ። አልበሙ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ 88 ሺህ ቅጂ ተሸጦ የቢልቦርድን ዋና የአልበም ሰንጠረዥ መራ። በዚያው ሳምንት የጎስፔሉንም ሰንጠረዥ መራ፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ የያዘ አልበም ከዚያ በፊት አልነበረም።

ብዙ አማኞች ይህን እንደ ራሳቸው ድል ቆጠሩት። ክርስቶስን በግልጽ የሚጠራ ራፐር ከዓለሙ ሙዚቃ ሁሉ በላይ ወጣ ተባለ። ሌክሬ ግን በዚያው ሰሞን ልቡ ፈርጉሰን ነበር። የጥቁር ወጣቶች ሞት እንደሚያመው በአደባባይ መናገር ሲጀምር፣ ትናንት ያጨበጨበለት ሕዝብ ፊቱን ማዞር ያዘ። የዚህን ሰው ሕይወት የተከታተለ ሁሉ የሚያየው ነገር አለ፦ ሌክሬን ከዓለም ይበልጥ የፈተነው የገዛ ጉባኤው ነው።

ከሂዩስተን የተነሳ ልጅ

ሌክሬ ዴቮን ሙር የተወለደው ኦክቶበር 9 ቀን 1979 በቴክሳስ፣ ሂዩስተን ነው። አባቱ በሱስ ተይዞ ከቤት ርቋል፤ ያሳደገችው እናቱ ብቻዋን ናት። እናትና ልጅ ኑሮን ተከትለው በሂዩስተን፣ በሳን ዲዬጎ፣ በዴንቨርና በዳላስ ኖረዋል። በልጅነቱ በሞግዚቱ ጾታዊ ጥቃት እንደተፈጸመበት «አናሼምድ» በተባለው የ2016 ግለ ታሪኩ ሳይሸፋፍን ጽፏል። አባት በሌለበት ቤት ቱፓክና ሌሎች ራፐሮች አባት ሆኑለት፤ ወንድ ልጅ እንዴት እንደሚራመድ፣ እንዴት እንደሚቆጣ፣ ምን እንደሚፈልግ ከነሱ ተማረ።

ጎረምሳ ሳለ ዕፅ ይዞ በፖሊስ እጅ ወደቀ። አያቱ የሰጡት መጽሐፍ ቅዱስ አብሮት ነበር። ፖሊሱ መጽሐፉን ሲያይ፣ በቃሉ እንዲኖር ቃል አስገብቶ ለቀቀው። ልጁ ወዲያው አልተለወጠም። በ19 ዓመቱ፣ የሰሜን ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ ጓደኞቹ አትላንታ ወደሚካሄድ ክርስቲያናዊ ጉባኤ ወሰዱት። እዚያ ያየው ነገር አስደነገጠው፤ እንደሱ የሚለብሱ፣ እንደሱ የሚያወሩ፣ ከሱ በባሰ ሰፈር ያደጉ ወጣቶች ጌታን ያለ ኀፍረት ይወዱ ነበር። የዚያን ዕለቱ ሰባኪ ጄምስ ኋይት ስለ ክርስቶስ ሞትና ስለ ተከፈለው ዋጋ ሲሰብክ ልጁ ተሰበረ፤ ጌታን ተቀበለ።

ከዚያም በኋላ መንገዱ ቀጥ አላለም። ወደ ቀድሞ ኑሮው ተመላልሷል። በ2002 የወቅቱ ፍቅረኛው ጽንስ እንድታስወርድ አድርጓል፤ ይህን ኀጢአት ከአሥር ዓመት በላይ ተሸክሞ ኖሮ «ጉድ፣ ባድ፣ አግሊ» በሚለው ዘፈኑ ለዓለም ተናዘዘ። አንድ ጊዜም በአውራ ጎዳና ላይ መኪናው ተገልብጦ ጣሪያው ሲጨፈለቅ እሱ ሳይጎዳ ወጣ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ፈጣሪው የተመለሰው ከዚያ አደጋ ወዲህ እንደሆነ ይመሰክራል።

ሙዚቃው አገልግሎት ሊሆን እንደሚችል የገባው በቴክሳስ በሚገኝ የወጣት ጥፋተኞች ማረሚያ ነው። በበጎ ፈቃድ እየሄደ ያስተምራቸው ነበር። አንድ ቀን የራሱን ግጥም በራፕ ሲያሰማቸው፣ ስብከት የማይሰሙት ልጆች አለቀሱ፤ ወደ እሱም ቀረቡ። በ2004 ከቤን ዋሸር ጋር «ሪች ሪከርድስ»ን መሠረተ። የመጀመሪያ አልበሙ «ሪል ቶክ» በዚያው ዓመት ወጣ።

የተቀበለው ቤት

ክርስቲያን ሂፕ ሆፕ ከሌክሬ በፊትም ነበር። ስቲቨን ዋይሊ «ባይብል ብሬክ»ን በ1985 በካሴት አውጥቷል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የፊላደልፊያዎቹ «ዘ ክሮስ ሙቭመንት» ነገረ መለኮትን በራፕ ማስተማር ጀመሩ፤ ለሌክሬ ትውልድ መንገዱን የጠረጉት እነሱ ናቸው። ሆኖም ዘርፉ ከሁለት ወገን የተገፋ ነበር። የሂፕ ሆፕ ሰዎች ከቁም ነገር አይቆጥሩትም፤ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ የዱርዬ ሙዚቃ ይሉታል። አልበሞቹ የሚሸጡት በክርስቲያን መጻሕፍት መደብሮች ነበር፤ መድረኩ የወጣቶች ጉባኤ ነበር፤ ኮንሰርቱን የሚሞሉትም በአብዛኛው የነጭ ወንጌላውያን ልጆች ነበሩ። ስለ ጥቁሮች ሰፈር የሚናገረው ሙዚቃ ገንዘቡንም አድማጩንም ያገኘው ከሌላ ሰፈር ነው። በኋላ የመጣው ችግር ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

ሌክሬና ጓደኞቹ፣ ቴዳሺ፣ ትሪፕ ሊ፣ ሾ ባራካና ሌሎችም፣ በሮሜ 1፥16 ስም ራሳቸውን «116 ክሊክ» አሉ። ግጥማቸው እንደ መጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የተጠቀጠቀ ነበር። በ2008 የወጣው «ሬብል» የቢልቦርድን የጎስፔል ሰንጠረዥ በመምራት የመጀመሪያው የክርስቲያን ሂፕ ሆፕ አልበም ሆነ። በውስጡ ያለው «ዶንት ዌስት ዩር ላይፍ» የተባለው ዘፈን ርዕሱን የወሰደው ከታዋቂው ነጭ ሰባኪ ከጆን ፓይፐር መጽሐፍ ነው። ጥቁሩ ራፐርና የነጭ ወንጌላውያኑ መምህር ያን ያህል የተቀራረቡ ነበሩ።

ከዚያ ሌክሬ አጥሩን መዝለል ፈለገ። ለአማኝ ብቻ መዘመር አልበቃው አለ። በ2012 ከዓለማዊ ራፐሮች ጋር በሚሠራው ዲጄ ዶን ካነን አዘጋጅነት «ቸርች ክሎዝስ»ን በነጻ ለቀቀ፤ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለውን ግብዝነት ያለ ርኅራኄ ነካው። በዚያው ዓመት የወጣው «ግራቪቲ» በ2013 የዓመቱ ምርጥ የጎስፔል አልበም ተብሎ የግራሚ ሽልማት አገኘ፤ በዚህ ዘርፍ አንድ ራፐር ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ነው።

ወቀሳውም አብሮ መጣ። ለዓለም ተሸጠ ያሉት አሉ። በኖቬምበር 2013 በአንድ የአምልኮ ጉባኤ መድረክ ላይ የተቀመጡ አስተማሪዎች ክርስቲያን ራፕን በጅምላ አወገዙ፤ ራፐሮቹን ፈሪና የማይታዘዙ እስከማለት የደረሰም ነበር። ብዙ ፓስተሮች ወዲያው ተቃወሟቸው፤ ከተናጋሪዎቹም ይቅርታ የጠየቁ አሉ። ወቀሳው ሁሉ ግን ባዶ አይደለም። የቀድሞዎቹ አልበሞች ትምህርት የጠገቡ ነበሩ፤ ከኋለኞቹ ዘፈኖች አንዳንዶቹን ግን የዘፋኙን እምነት ሳያውቁ ሰምቶ መጨረስ ይቻላል። በሱ ዝማሬ ጌታን ያገኘ ወጣት ይህ ቢያሳዝነው አይፈረድበትም። ሌክሬ የሚመልሰው፣ ክርስቲያን አናጢ የሚሠራው ጠረጴዛ ሁሉ መስቀል እንዳልሆነ እንደማስረዳት ያለ ነው፤ እምነት ሥራውን ሁሉ ይነካል፣ ሥራው ሁሉ ግን ስብከት አይሆንም።

ጁላይ 4፣ 2016

«አኖማሊ» ውስጥ «ዌልካም ቱ አሜሪካ» የሚል ዘፈን አለ። አንድ የከተማ ጥቁር፣ አንድ ወታደርና አንድ ስደተኛ ተራ በተራ ስለ አገሪቱ ይናገራሉ፤ ሦስቱም ከአገሪቱ የጠበቁትና ያገኙት አልገጠመም። አድማጮቹ ይህን በዘፈን መልክ ታገሡት። ዘፈኑ ወደ ንግግር ሲለወጥ ግን ትዕግሥታቸው አለቀ።

በ2016 የአሜሪካ የነጻነት ቀን ሌክሬ በትዊተር ገጹ ላይ አንድ ፎቶ ለጠፈ። በጥጥ እርሻ ላይ የቆሙ ጥቁር ባሮች ናቸው። ከሥሩ፣ በ1776ቱ ጁላይ 4 ቤተሰቦቹ እዚህ ነበሩ የሚል ሐሳብ ያላት አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር አለች። ስድብ አልጻፈም፤ ማንንም አልከሰሰም። ምላሹ ግን ማዕበል ነበር። ዘረኛ ሆነሃል፣ ወንጌሉን ትተህ ፖለቲካ ገባህ፣ ከእንግዲህ አልሰማህም የሚሉ መልእክቶች ጎረፉ። በማግስቱ በባተን ሩዥ አልተን ስተርሊንግ፣ በሦስተኛው ቀን በሚኒሶታ ፊላንዶ ካስቲል የተባሉ ጥቁር ወንዶች በፖሊስ ተገደሉ። በአራተኛው ቀን ደግሞ ሌክሬ ባደገባት ዳላስ አንድ ታጣቂ አምስት ፖሊሶችን ገደለ። በዚያ ሳምንት ዝም ማለት ለሱ ከእምነት ክሕደት አይተናነስም ነበር።

አዳራሾች ሳሱ፤ ደጋፊዎች ሸሹ። ከገንዘቡ ይልቅ የጎዳው ግን መንፈሳዊ ወንድሞቼ ከሚላቸው የመጣው ንቀት ነው። ድባቴ ውስጥ ገባ፤ እምነቱ ራሱ ተናጋ። ቆይቶ በ2020 «አይ አም ሪስቶርድ» በተባለ መጽሐፉ መጠጥና ኪኒን መደበቂያው እንደነበሩና የሥነ ልቦና ሕክምና እንደረዳው ገለጸ። በአገልጋይ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር መናገር ዛሬም ድፍረት ይጠይቃል።

በሴፕቴምበር 2017 «ኦል ቲንግስ ወርክ ቱጌዘር»ን ከኮሎምቢያ ሪከርድስ ጋር አወጣ። በዚያው ሰሞን በሰጠው ቃለ ምልልስ ከነጭ ወንጌላውያን ባህል መለያየቱን ተናገረ። በክርስቶስ ማመኑን አልተወም፤ የተወው እምነቱን የአንድ ዘር ባህል አጥር ያደረገውን ቤት ነው። ጆን ፓይፐር በጽሑፍ መለሱለት። ቁጣ አልነበረበትም፤ በአክብሮትና በኀዘን የተጻፈ ነበር። አንድ ታዋቂ ሰባኪ አንድን ራፐር እንደ ቁም ነገረኛ ተነጋጋሪ ሲቆጥሩት ማየት በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ጫማ የተጠረገበት መድረክ

ጆርጅ ፍሎይድ የተባለ ጥቁር ሰው በሜይ 2020 በፖሊስ እጅ ከተገደለ በኋላ፣ በጁን ወር፣ ሌክሬ በአትላንታው ፓሽን ሲቲ ቸርች ከፓስተር ሉዊ ጊግሊዮና ከቺክ ፊል ኤ ምግብ ቤቶች ባለቤት ቤተሰብ ከሆኑት ከዳን ካቲ ጋር ለውይይት ተቀመጠ። ካቲ በካሜራ ፊት ከወንበራቸው ተነሥተው ተንበረከኩና የሌክሬን ጫማ በብሩሽ ጠረጉ። የንስሐ ምልክት መሆኑ ነው። በዚያው ውይይት ጊግሊዮ ነጮች ከባርነት ያገኙትን ጥቅም «የነጭ በረከት» ብለን ብንጠራው ይሻላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሌክሬ እዚያው አልተቃወማቸውም። ቪዲዮው ሲሰራጭ ጊግሊዮ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ፤ ብዙ ጥቁሮች ግን ሌክሬን ለምን ዝም አልክ ብለው ወቀሱት። እሱም ንግግሩ እንዳልተመቸው፣ በኋላ ለብቻቸው እንደተነጋገሩበት አስረዳ።

ይህ ትዕይንት የሌክሬን ሕይወት ጠቅልሎ ያሳያል። ሲናገር ነጮቹ ዘረኛ ይሉታል፤ በትዕግሥት ሲቀመጥ ጥቁሮቹ ፈሪ ይሉታል። ጫማ መጥረግ ከባድ አይደለም፤ ባለ ጫማው ከየት እንደመጣ እስከ መጨረሻው መስማት ነው የሚከብደው።

ብዙዎች በዚህ ቦታ እምነታቸውን ጥለው ሄደዋል። ሌክሬ አልሄደም። በ2020 «ሬስቶሬሽን»ን አወጣ። በ2022 ባወጣው «ቸርች ክሎዝስ 4» ውስጥ እምነቱ እንዴት ፈርሶ እንደነበር በዝርዝር ተረከ። በ2024 ያው አልበም ግራሚ አሸነፈ፤ ከታሻ ኮብስ ሌናርድ ጋር የሠራው «ዩር ፓወር»ም በዚያው ምሽት አሸነፈ። በ2013 በ«ግራቪቲ»፣ በ2015 ደግሞ «መሴንጀርስ» በተባለው ዘፈን ካገኛቸው ጋር የግራሚዎቹ ቁጥር አራት ደረሰ። በ2025 ያወጣውን አልበም «ሪኮንስትራክሽን» ብሎታል፤ የፈረሰው ተመልሶ መገንባቱ ማለት ነው።

ሪች ሪከርድስም ከአንድ ሰው ሥራ ወደ ተቋም አድጓል። አንዲ ሚኔዮ፣ ኬቢ፣ ዋንዴና ሃልቪ ከዚያ ቤት ወጥተዋል። ዛሬ ክርስቲያን ራፐር የክርስቲያን መጻሕፍት መደብር ደጅ አይጠናም።

እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይባላል። ሌክሬ በሁለቱም ቤት እውነት ተናግሯል፤ በሁለቱም ቤት መሽቶበታል። ለራፐሮች ስለ ክርስቶስ ሲናገር አላፈረም፤ ለአማኞች ስለ ጥጥ እርሻው ሲናገርም አላፈረም። ሽልማቱ ይረሳል፤ ሰንጠረዡ በየሳምንቱ ይለወጣል። የሚቀረው የዚህ ሰው ውርስ ከራሱ ግማሹን ደብቆ ለማገልገል እንቢ ማለቱ ነው።

የቤተ ክርስቲያን መሪዎችም ሆኑ ምእመናን ከዚህ ታሪክ የሚማሩት ግልጽ ነው። ሲዘምርልን የምንወደውን ሰው ሲያለቅስም እንስማው። ኀዘኑን የማንሰማ ከሆነ፣ ዝማሬውንም ለጥቅማችን ብቻ ነው የሰማነው።