ዶክተር ያልሆነ ባለሙያ ቢያክመኝስ? የሕክምና ትምህርት ታሪክና የጤና ፍትሐዊነት

መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ የምትሰፋ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ የምትኖረው ዓይደር ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ባለበት ከተማ ነው። ገጠር የቀረችው እህቷ ብታረግዝ ግን መጀመሪያ የምታገኘው ባለሙያ ሐኪም ላይሆን ይችላል። ታዲያ የእህቷ ሕክምና ያነሰ ነው ማለት ነው?

ታሪኩ ከየት ይጀምራል?

እ.ኤ.አ. በ1953 በጎንደር አቅራቢያ በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ የብዙ ሰው ሕይወት ቀጠፈ። በቀጣዩ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ነበር። በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1964 ነው። ስለዚህ ጤና መኮንን ዶክተር ሲጠፋ የመጣ ምትክ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ለዚሁ ሥራ የሠለጠነ ባለሙያ ነው።

በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ፤ ለአንድ ገጠር ቀበሌ ሁለት ሠራተኞች ተመደቡ። በ2009 ደግሞ ጤና መኮንኖች ድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ቀዶ ሕክምና እንዲሠሩ የሚያስችል የማስተርስ ሥልጠና ተጀመረ።

የሚሠለጥኑበት ቦታ ለምን ያስፈልጋል?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ባወጣው ምክር፣ ተማሪዎች ከገጠር ቢመለመሉና ትምህርት ቤቶች ከዋና ከተማ ውጭ ቢከፈቱ ባለሙያው በገጠር የመሥራት ዕድሉ እንደሚጨምር ገልጿል። መቐለ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችን ማሠልጠኑ፣ ዓይደርም ከ2008 ጀምሮ የማስተማሪያ ሆስፒታል ሆኖ ማገልገሉ ለአካባቢው ትልቅ ነገር ነው።

ሥልጠና ብቻውን ግን አይበቃም። ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት በትግራይ ብዙ የጤና ተቋማት ተጎድተዋል፤ በዓይደርም ባለሙያው እያለ እንደ ኢንሱሊን ያሉ መድኃኒቶች ታጥተው ነበር። ፍትሐዊ ሕክምና የሚባለው ባለሙያው፣ መድኃኒቱና መንገዱ አንድ ላይ ሲገኙ ነው።

ማን ምን ይሠራል?

• የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፦ ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የእናቶችና ሕፃናት ክትትል፣ የንጽሕና ትምህርት።
• ነርስና አዋላጅ ነርስ፦ የእርግዝና ክትትል፣ ማዋለድ፣ እንክብካቤ።
• ጤና መኮንን፦ በጤና ጣቢያ ምርመራና ሕክምና፤ ከአቅም በላይ ሲሆን ሪፈር መጻፍ።
• ሐኪምና ስፔሻሊስት፦ በሆስፒታል የተወሳሰቡ ሕመሞች ሕክምና።

እርስዎ ምን ማድረግ ይችላሉ?

• የሚያክምዎትን ባለሙያ ሙያውን ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው።
• ሪፈር ሲጻፍልዎ ምክንያቱን ይጠይቁ፤ ወረቀቱንና የምርመራ ውጤቶችን ይያዙ።
• በመንግሥት ጤና ተቋም የእርግዝና ክትትልና ወሊድ በነፃ የሚሰጡ አገልግሎቶች ናቸው።
• በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለእርግዝና ምርመራ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ታገኛለች። አሠሪው የምርመራ ማስረጃ ሊጠይቅ ስለሚችል ወረቀቱን ይቀበሉ።

መቼ መቸኮል ያስፈልጋል?

ነፍሰ ጡር ሴት ደም ከፈሰሳት፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካላት፣ ካንቀጠቀጣት ወይም የጽንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ የሥራ ፈረቃ እስኪያልቅ ወይም ሪፈር እስኪጻፍ አይጠብቁ። ወዲያውኑ በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይውሰዷት።